ኀፍረት ገበታ ላይ ሲቀመጥ

(በጾታዊ ዝንባሌያቸው ከብዙኃኑ ስለተለዩ አዋቂዎች፣ ስለ ሰውነታቸውና ስለ አመጋገባቸው ለጠቅላላ አድማጭ የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ስለ ምግብና ስለ ውፍረት ብቻ ባወራ አዳራሹ ዘና ብሎ ያዳምጠኝ ነበር። ጌይ ወንዶችና ሌዝቢያን ሴቶች ሲጨመሩበት ግን ወንበሩ መንቋቋት ይጀምራል። ይንቋቋ፣ ግድ የለም። የማንንም እምነት ልሞግት አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ አንድ ሕመም ልናገር ነው፤ ሕመሙ የሚይዛቸው ሰዎች ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩና በየቤተሰቡ አሉ። አንዳንዱ ዛሬ እዚሁ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ከሩቅ ልጀምር። በ1689 ሪቻርድ ሞርተን የሚባል የለንደን ሐኪም ሰውነትን እያመነመኑ ስለሚገድሉ በሽታዎች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ትኩሳትም ሳልም ሳይኖርባቸው ምግብ እየተዉ አጥንትና ቆዳ ብቻ የቀሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዷ የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ ሞተች። ሁለተኛው የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነው፤ የአንድ የሃይማኖት አገልጋይ ልጅ። ሞርተን ትምህርቱን እንዲያቋርጥ፣ ገጠር ወርዶ አየር እንዲለውጥ፣ ፈረስ እንዲጋልብና ወተት እንዲያዘወትር አዘዘው፤ ልጁም ተሻለው። ዛሬ አኖሬክሲያ የምንለው ሕመም በሐኪም እጅ መጀመሪያ ሲጻፍ እንግዲህ ከሁለቱ ታማሚዎች አንዱ ወንድ ነበር። በ1873 ሕመሙን ዛሬ በሚጠራበት ስም የጠራው እንግሊዛዊው ዊልያም ጉልም ወንዶችን እንደሚይዝ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ረሱት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ሕመም ሥዕል አንድ ሆኖ ቀረ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ የሆነች ኮረዳ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የወር አበባ መቋረጥን ከአኖሬክሲያ መለያዎች አንዱ አድርጎ እስከ 2013 ይዞ ቆይቷል። ወንድ ታማሚ የመጣበት ሐኪም በዚህ መመሪያ ምን ብሎ ይጠይቀው? የምርመራ መጠይቆቹም በአብዛኛው በሴቶች ላይ ተሞክረው የተዘጋጁ ናቸው። ሆድህ ጠፍጣፋ እንዲሆን ትፈልጋለህ ወይ ይላሉ፤ ክንድህ አልወፍር ስላለህ እንቅልፍ አጥተሃል ወይ አይሉም። በቦስተን አጠገብ ባለው በማክሊን ሆስፒታል ሃሪሰን ፖፕ ከባልደረቦቹ ጋር ክብደት የሚያነሱ ወንዶችን አነጋግሮ በ1993 ባወጣው ጥናት ላይ፣ እንደ በሬ ፈርጥመው ሳለ ራሳቸውን ቀጫጫ አድርገው የሚያዩ፣ በዚህም አፍረው በበጋ እጅጌ ያለው ልብስ ደርበው የሚሄዱ ሰዎች ተገኙ። የዶሮ ሥጋውን በግራም እየመዘነ የሚበላ፣ የሠርግ ጥሪ ከጂም ሰዓቱ ጋር ስለተጋጨ የሚቀር ወንድ በመጠይቁ ላይ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። ጓደኞቹም «ጎበዝ ስፖርተኛ» ይሉታል።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልግለጽ። የአመጋገብ መታወክ በብዛት በሦስት መልክ ይታያል። አኖሬክሲያ ምግብን እየቀነሱ ሄዶ ሰውነትን ማስራብ ነው። ቡሊሚያ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት በልቶ ከዚያ ማስመለስ፣ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ፣ ወይም እስኪወድቁ መሮጥ ነው፤ ይህንን ጄራልድ ራስል የተባለ የለንደን ሐኪም በ1979 ሰላሳ ታማሚዎችን አይቶ ለየው። ሦስተኛው ያለ ማስመለስ፣ በድብቅና በኀፍረት ሳይቆጣጠሩ መብላት ነው፤ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ በአሜሪካኖቹ መመሪያ የተመዘገበው ገና በ2013 ነው። እነዚህ የቅንጦት ሕመሞች አይደሉም። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነቱ ከፊተኞቹ ተርታ ነው፤ ቡሊሚያም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የታከሙ 135 ወንዶችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ቡሊሚያ ከነበረባቸው መካከል 42 በመቶው ጌይ ወይም ባይሴክሹዋል፣ ማለትም ወንድንም ሴትንም የሚወዱ፣ ሆነው ተገኙ። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መልኩን ለወጠ፤ «የአመጋገብ መታወክ ካለባቸው ወንዶች 42 በመቶው ጌይ ናቸው» እየተባለ ይጠቀሳል። ጥናቱ እንዲህ አላለም። የተናገረው ስለ ቡሊሚያ ሕሙማን ብቻ ነው፤ እነሱም አንድ ሆስፒታል የደረሱቱ ናቸው። ሆስፒታል የደረሰ ሰው ደግሞ ያልደረሰውን አይወክልም። ምናልባት ጌይ የሆነው ወንድ ስለ ሰውነቱ መናገር ቀሎት ቶሎ ሄዶ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ «የሴት በሽታ» የሚባል ነገር ይዞኛል ከማለት ሞቱን መርጦ ቤቱ ቀርቶ ይሆናል። ቁጥሩ እንዲህ ተጣምሞ ሲነገር ሁለቱንም ወገን ይጎዳል፤ ጌይ ያልሆነውን ታማሚ ያሳፍራል፣ ጌይ የሆነውን ደግሞ ሕመሙ የተፈጥሮው አካል እንደሆነ ያስመስልበታል።

የተሻለው መንገድ ከሆስፒታል ወጥቶ ሕዝቡን መጠየቅ ነው። በ2007 ማቲው ፌልድማንና ኢላን ማየር የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪ የሆኑ ከ500 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የአመጋገብ መታወክ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ምልክት የነበረባቸው ከጌይና ከባይሴክሹዋል ወንዶች ከ15 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ወንዶች ግን 5 በመቶ አይሞሉም። ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በሴቶቹ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኙም፤ ወደ ሴቶቹ በኋላ እመለሳለሁ። ከዚህ ጥናት እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ከማኅበረሰባቸው ጋር የጠበቀ ትስስር የነበራቸው ጌይ ወንዶች በወቅቱ የነበረባቸው የአመጋገብ መታወክ ያነሰ ነበር። እንደነሱ ያሉ ሰዎች በሚያዘወትሩት የመዝናኛ ቡድን የሚሳተፉት ግን ችግሩ ይበረታባቸው ነበር። ሰው ከሰው መገናኘቱ ያድናል ወይስ ይጎዳል ቢባል መልሱ በምን ላይ ተገናኙ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1994 ማይክል ሲቨር ያቀረበው መልስ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ወንድን ለመማረክ የሚፈልግ ሁሉ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በመልክ ይመዘናል፤ ስለዚህ ጌይ ወንዶችና ወንድ የሚወዱ ሴቶች በአንድ ዐይን ሥር ናቸው ይላል። እውነትነት አለው። ግን ልጁ ገና ማንንም ሳይማርክ፣ በአሥር በአሥራ አንድ ዓመቱ ሰውነቱን መጥላት ለምን እንደሚጀምር አይነግረንም።

ለዚህ የኢላን ማየር ሐሳብ ይበልጥ ይረዳናል። ማየር በ2003 በዘረጋው ማብራሪያ መሠረት ከብዙኃኑ የተለየ ሰው ሁሉም ሰው ካለበት የኑሮ ጭንቀት በላይ አንድ ተጨማሪ ጫና አለበት። አንዱ ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ስድቡ፣ ዱላው፣ ከሥራ መባረሩ፣ ከቤት መባረሩ። ሌላው ማንም ሳይነካው የሚሸከመው ነው፤ ይገፉኛል ብሎ አስቀድሞ መጠበቅ፣ ራስን መደበቅ፣ የሰዎቹን ንቀት ውጦ በገዛ ራስ ላይ ማዞር። ይህ ጫና በሐሳብ ደረጃ ብቻ አልቀረም። በ2004ና በ2005 በርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚከለክል ሕግ በድምፅ ሲያጸድቁ፣ ማርክ ሃትዘንቡለር የተባለ ተመራማሪ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ አመሳከረ። ሕጉ በጸደቀባቸው ክፍለ ግዛቶች በሚኖሩ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ሰዎች ላይ የድብርትና መሰል ሕመሞች ከሲሶ በላይ ጨምረው ተገኙ። አጠገባቸው የሚኖር ጎረቤት ምንም አላላቸው ይሆናል፤ ድምፁ ግን ተቆጥሮ በቴሌቪዥን ተነግሯል።

መደበቅ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚራመድ ያስባል። እጁን ሲያወራ እንዳያወዛውዝ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ድምፁ እንዳይቀጥን ያወፍረዋል፤ ሲስቅ አፉን ይይዛል፤ እግሩን ሲያነባብር ማን አየኝ ይላል። ይህንን በቀን መቶ ጊዜ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ገላውን ከውጭ ሆኖ መጠበቅ ልማዱ ይሆናል። አድጎ፣ ከቤት ወጥቶ፣ መደበቁን ቢተው እንኳ ዘበኛው አይሰናበትም። የቀድሞ ጥያቄው «ይታወቅብኛል ወይ» ነበር፤ አሁን «ሆዴ ወጥቷል ወይ» ይሆናል። በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ጥናት እምብርቱ ይኼ ነው። ሰውነትን የመቆጣጠር ልማዱ የተተከለው ከምግብ በፊት ነው፤ ምግብ የተገኘው የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ሆኖ ነው።

በጌይ ወንዶች ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሰውነት ሌላ ትርጉም የያዘበት አንድ ዘመን አለ፤ ይህን ሳያነሡ ስለ ጡንቻ ማውራት ትርጉም የለውም። ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች አጭር ዘገባ አወጣ። የኤድስ ወረርሽኝ የተጻፈ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮና በኒው ዮርክ አንድ ሰው ሱሪው ከሰፋው ጓደኞቹ ፊታቸውን አዙረው ያለቅሱ ነበር። ከሲታነት የሞት ማስታወቂያ ሆነ። በ1987 ያለ ምክንያት ከ10 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስ ራሱ ኤድስን ከሚያመለክቱት መለያዎች አንዱ ተብሎ ተመዘገበ። ሐኪሞቹ ለመመንመኑ ቴስቶስቴሮን፣ ኦክሳንድሮሎንና ናንድሮሎን የመሳሰሉትን ጡንቻ ገንቢ መድኃኒቶች ማዘዝ ጀመሩ፤ ሕሙማኑም ጂም ገቡ፤ ደረታቸው ሲሞላ ሰው ሰላም ይላቸው ጀመር። የሞላ ገላ «አልታመምኩም» ማለት ነበር። ከ1996 ወዲህ የኤች.አይ.ቪ ጥምር መድኃኒት መጥቶ ሞት ሲቀንስ፣ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ የጉንጭን ስብ እያሟጠጡ ፊትን ያጎደጉዱ ጀመር። ሰውነቱ የቱንም ያህል ቢፈረጥም ፊቱ ያሳብቅበታል። ይህንን ዘመን ያለፉ ወንዶች ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመታቸው ነው። ስለ ውበት ከንቱነት ብትሰብኳቸው አይሰሟችሁም፤ ለእነሱ ጡንቻ ውበት ብቻ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ሰው ሲከሳ ሰፈሩ ዝም ይል ነበር፤ «ሳንባ ነው አሉ» ይባል ነበር፤ ሌላው ሁሉ በዐይን ይነጋገራል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ጉንጭ የሚያጎደጉደው ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት በእኛም አገር ብዙ ሰው ወስዶታል። ስለዚህ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ሰላምታችን ዛሬም በውስጡ ያ ፍርሃት አለበት።

ወደ ስልኩ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ረቀቀ እንጂ አልቀረም። ግራይንደር የተባለው የጌይ ወንዶች መተዋወቂያ መተግበሪያ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ቁመትና ክብደት የሚሞላበት ቦታ አለው፤ ብዙው ሰው የሚለጥፈው ፎቶ ደግሞ ከአንገት በታች ነው። ፊቱን የማያሳየው አንዳንዱ ስለሚደበቅ ነው፣ አንዳንዱ ስለሚያፍር ነው። ውጤቱ አንድ ነው፤ ራስ የሌለው ደረት ከሌላ ራስ የሌለው ደረት ጋር ይወዳደራል።

ወደ ሴቶቹ ልመለስ ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሌዝቢያን ሴቶች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው የሚል እምነት ነበር፤ ወንድን ለመማረክ ስለማይለብሱ ስለ ኪሏቸው አይጨነቁም ተባለ። ግማሽ እውነት ነው፤ በቀጭንነት አምሮት ላይ አንዳንድ ጥናት ልዩነት አግኝቷል። ነገር ግን ጠያቂው ስለ መራብ ብቻ ሲጠይቅ ስለ መብላት ሳይጠይቅ ቀረ። በአሜሪካ በ1996 የተጀመረና ከ16,000 በላይ የነርሶች ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና የተከታተለ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ብሪን ኦስቲንና ባልደረቦቿ ከዚህ ጥናት በ2009 ባወጡት ውጤት፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ወጣት ሴቶች ሳይቆጣጠሩ መብላት ይበዛባቸው ነበር፤ ጌይ ወንዶቹም እንዲሁ። የዚህ ሕመም ክፋቱ ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ስትሄድ የሚገጥማት ነገር ነው። ከስታ ስላልመጣች ታማሚ አትመስልም። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አውጥቷት «ክብደት ቀንሺ» ብሎ ወረቀት ይሰጣታል። ለሦስት ሳምንት ራሷን ታስርባለች፤ በአራተኛው ሳምንት ሌሊት ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ባዶ ታደርገዋለች። በሽታዋን ራሱን መድኃኒት ብለው ሰጧት።

ጾታቸውን ስለለወጡ ወይም ትራንስ ስለሆኑ ሰዎች ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ልናገር። በ2015 ከ289,000 በላይ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት፣ ባለፈው ዓመት የአመጋገብ መታወክ እንዳለባቸው በሐኪም ተነግሯቸው እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ትራንስ ከሆኑት ተማሪዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት አዎ አሉ፤ ከሁሉም ቡድን ከፍተኛው ነበር።

አሁን አንድ አድማጭ «ታዲያ ይብሉ! ምን ያስቸግራል?» ሊል ይችላል። ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ መልሱ ግን ከባድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በኅዳር 1944 በተጀመረ ሙከራ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው አስራበ። በጦርነቱ ለተራቡት የአውሮፓ ሕዝቦች እንዴት ምግብ እንደሚሰጥ ለማወቅ ነበር። ለ24 ሳምንት በቀን በአማካይ ወደ 1,570 ካሎሪ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ማካሮኒና የመሳሰለውን በሉ። የሰውነታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ልብ በሉ፤ ይህ የካሎሪ መጠን ዛሬ በየመጽሔቱ «ጤናማ አመጋገብ» ተብሎ ከሚታዘዘው ብዙ አይርቅም። እነዚህ ጤነኛ ሰዎች የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህናቸውን ይልሱ ነበር፤ ምግቡን ሰዓት ሙሉ ይጎትቱት ነበር፤ ከሰው ተገለሉ፤ ቀልድ ጠፋ፤ አንዱ የገዛ ጣቶቹን በመጥረቢያ ቆረጠ። ምግብ ሲለቀቅላቸው ደግሞ እስኪያማቸው በልተው ጠገብኩ ማለት ያቃታቸው ነበሩ። ከመካከላቸው ማንም አስቀድሞ የአእምሮ ሕመም አልነበረበትም። ረሃብ ራሱ አእምሮን ያሳምማል፤ በምን ምክንያት እንደተጀመረ አይጠይቅም። ስለዚህ ሰውየው ከጀመረ በኋላ «ተው» ቢባል የሚተወው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገበታችን ልምጣ። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ሰው ሲቀመጥ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚቆጥር የለም። እንጀራውን እየቆረሰ በጣቱ የሚያዞር፣ ለሌላው እያጎረሰ ራሱ የማይጎርስ ሰው ደግ ይባላል። የማይሆንለት ጉርሻ ሲመጣ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ይጎርሳል፤ ወዲያው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣል። ውኃው ሲንሿሿ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው የምራቅ ዕጢዎቹ ያብጣሉ፤ ከጆሮው ሥር እስከ መንጋጋው ጉንጩ ይሞላል። እናቱ አይታ «እሰይ፣ ጉንጭህ ሞላ፣ ተስማምቶሃል» ትለዋለች። እሷ ጤና ያየችበት ቦታ ላይ ነው በሽታው የተቀመጠው። የጣቱን አንጓ ብታይ ግን ጥርሱ የላጠው ጠባሳ ታገኛለች፤ የፊት ጥርሱን ከኋላ ያየ የጥርስ ሐኪም ደግሞ አሲዱ የበላውን ሽፋን ያገኛል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቀው የጥርስ ሐኪሙ ነው።

ጾምንም ሳላነሣ አላልፍም፤ በጥንቃቄ ነው የማነሣው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን አለው። ጾም በሽታ አይደለም። ለታመመ ሰው ግን ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ለምን አልበላህም ብሎ የሚጠይቀው የለምና። መለያው ቀላል ነው፤ ፋሲካን ተመልከቱ። የጾመ ሰው ዶሮ ወጡን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የታመመ ሰው ከስቅለት ጀምሮ ይጨነቃል፤ በዓሉ ሲደርስ «አሞኛል» ይላል፤ ጾሙን ራሱ ያራዝማል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንደማታስጾም የማያውቅ የለም። ችግሩ ለንስሐ አባቱ «ሕመምተኛ ነኝ» ለማለት የቱን ሕመም ብሎ መጀመር እንዳለበት አለማወቁ ነው።

ጌይ ወይም ሌዝቢያን የሆነ የእኛ ሰው ምስጢሩ ሁለት ነው። በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎታል፤ እዚያ ያለ ሰው ለሐኪሙ ሙሉ ታሪኩን እንዲናገር መጠበቅ የዋህነት ነው። በውጭ አገር ሕጉ ቢቀየርም አጎትና አክስቱ አልተቀየሩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። እውነት ነው፤ ግን ተረቱ ጥፋቱን በደባቂው ላይ ብቻ ይጥላል። ብናገር ማን ከቤት ያስወጣኛል ብሎ የሚያሰላ ሰው ሞኝ አይደለም።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንድ ነገር ያዙልኝ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ለታካሚው ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛም በስልክ ይገኛል። የአክስት ልጅ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ መቅረቱም ይሻላል። የአክስት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ማንም ስለማስመለስም ሆነ ስለሚወደው ሰው አይናገርም።

ሕክምናው አለ፤ ይሠራልም። ለአዋቂዎች በጣም የተፈተነው በኦክስፎርድ ክሪስቶፈር ፌርበርን ያዳበረው የንግግር ሕክምና ነው፤ በአብዛኛው ሃያ ያህል ቀጠሮ ይፈጃል። መጀመሪያ የሚያስተካክለው ሐሳብን ሳይሆን ሰዓትን ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ በመሐል ሁለት ሦስት መክሰስ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ አለመቆየት። ረሃቡ ሲቆም አብዛኛው ሳይቆጣጠሩ የመብላት ማዕበል ይበርዳል። ለቡሊሚያ ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ መጠኑ በቀን 60 ሚሊግራም ሲሆን ለድብርት ከሚጀመርበት ሦስት እጥፍ ነው። ለጌይና ለሌዝቢያን ታካሚዎች ደግሞ ስለ ኀፍረቱ የማይጠይቅ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ። «ማንን ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይማርህ» በሚል ፊት ከተጠየቀ ግን ባይጠየቅ ይሻላል።

ለቤተሰብ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየን ሰው አግኝታችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አታጉርሱት። ድንገት የገባ ምግብ በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት አውርዶ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ ሐኪም ባለበት ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው። ሁለተኛ፣ ሰላምታ ስትሰጡ ከሳህም ወፈርክም አትበሉ። «እንዴት ከረምክ» በቂ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርባችሁ።

ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ከኋላ ወንበር ላላችሁት። ብዙ ጊዜ የምታስመልሱ ከሆነ፣ ካዞራችሁ፣ ልባችሁ አለቦታው ከመታ፣ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ካስመለሳችሁ በኋላ ጥርሳችሁን ወዲያው አትቦርሹ፣ በውኃ ተጉመጥመጡ። ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ በአሜሪካ 988 ላይ ሌሊትም ቀንም ሰው አለ። ለሐኪሙ «እያስመለስኩ ነው፣ በደሜ ያለውን ፖታሲየም እዩልኝ፣ ልቤንም በኢሲጂ አንሡልኝ» በሉት። ማንን እንደምትወዱ ለመናገር ካልተዘጋጃችሁ ዛሬ አትናገሩ፤ ምርመራው ያለዚያ ይሠራል፤ የፖታሲየሙም ውጤት በዚያው ዕለት ይደርሳል።